የአያታችንን የእጅ ጽሑፍ ቁርዓን ለማን አምነን እንስጥ? (ሐረር / ድሬዳዋ)

ከአስመዲን በሪ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

አያታችን (አላህ ይርሐማት) ካረፈች በኋላ የጁገሉን (በግንቡ ውስጥ ያለውን የድሮ ከተማ) ቤት ስናስተካክል፣ ከነደባው (ከመቀመጫው መደብ) በላይ ካለው የግድግዳ መስኮት ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የእጅ ጽሑፍ ቁርዓን አወጣን። መኖሩን እናውቅ ነበር፣ በረመዳን ታወጣው ነበርና። እኛ ግን በእጃችን ይዘነው አናውቅም። ሽፋኑ ቆዳ ነው፤ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ሆኖ መሐሉ ላይ ሞላላ፣ ሁለት ጫፉ የሾለ ጌጥ ተደጉሶበታል (ተጭኖ ታትሞበታል)። ከኋላው ሽፋን ተነስቶ ወደ ፊት የሚታጠፈው ምላስ በጥቂት ክር ብቻ ተንጠልጥሏል። የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ከስፌቱ ወጥተዋል፣ ጠርዙን ብል በልቶታል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ አንድ ሰው፣ መቼ እንደሆነ አናውቅም፣ የተቀደዱትን ወረቀቶች በፕላስተር ለጥፏቸዋል። ፕላስተሩ አሁን ቢጫ ሆኖ ደርቋል፣ ከሥሩ ያለው ጽሑፍም ቡናማ ሆኗል።

በመጨረሻው ወረቀትና በአንዳንድ ኅዳጎች ላይ የቤተሰባችን ልደትና ሞት በሂጅራ አቆጣጠር ተጽፏል፣ በተለያየ ሰው እጅ። ለእኛ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

በቤተሰቡ መሐል ሦስት ሐሳብ አለ። ድሬዳዋ ያለው አጎቴ «ማተሚያ ቤት ውሰጂው፣ በሁለት ቀን አዲስ አድርገው ይሰጡሻል» ይላል። ጎረቤታችን «ያረጀ ሙስሐፍ (የቁርዓን መጽሐፍ) ይቀበራል» አሉን። ቶሮንቶ ያለው የአክስቴ ልጅ «ላኩልኝ፣ እዚህ ያሠሩታል» ይላል። አጎቴ ቤት ቀለሙ የሚረግፍ የአያታችን የዘይት ቀለም ሥዕልና ከሐረር የወሰደው በነሐስ ሚስማር የተሠራ ትልቅ ሳጥንም አለ፤ ስለነሱም የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የታመነ ሰው እንዴት ነው የሚለየው?

የከዚራ ልጅ

ማተሚያ ቤት አትውሰጂው እህቴ። በአላህ ይሁንብሽ!

የአባታችንን ኪታብ የወሰድንበትን ቤት ስሙን አልጠራም። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፣ የደብተርና የቴሲስ ጥረዛ የሚያውቅ ሰው ነው። ጠርዙ ተበልቶ ስላየ «ላስተካክለው» ብሎ ሦስቱንም ጎን በመቁረጫ ማሽን ሸለተው። አባቴ የዕድሜ ልክ ማስታወሻውን የጻፈው ኅዳጉ ላይ ነበር። ስንቀበለው እያንዳንዱ መስመር ከግማሹ ተቆርጧል። የተቆረጠውን ስንጠይቀው ቆሻሻ ውስጥ ጥሎታል። አሮጌውን ቆዳም ጥሎ በሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ቆዳ ሸፍኖ፣ በወርቅማ ቀለም ርዕስ ጽፎ ሰጠን። ለሚያየው ሰው ያምራል። እናቴ ግን እስካሁን ስታየው ታለቅሳለች።

አንቺ ጋ ደግሞ ኅዳጉ ላይ የቤተሰብ ልደት አለ እያልሽ ነው።

ብራና ጠጋኝ

እህቴ፣ እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ አሁን አዲስ አበባ በመጻሕፍት ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ማንንም ከመፈለግሽ በፊት ምንም አታድርጉበት። ፕላስተሩን በጥፍርም፣ በሙቅ ውኃም፣ በናፍጣም ለማንሳት አትሞክሩ። ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ዘልቋል፤ ሲላጥ ቀለሙን ይዞ ነው የሚነሳው። የወጡትን ወረቀቶች በቅደም ተከተላቸው እንደተገኙ አስቀምጡ። የወደቀ ቁራጭ፣ የተበጠሰ ክር፣ የቆዳ ፍርፋሪ እንኳ ቢሆን በንጹሕ ፖስታ ይቀመጥ፤ ላዩ ላይም ከየት እንደወደቀ ይጻፍ። ስትይዙት እጃችሁ ታጥቦ የደረቀ ይሁን፤ ጓንት አያስፈልግም። የጨርቅ ጓንት የጣትን ስሜት ይወስድና የተበላ ጠርዝ ሲያዝ ይቀደዳል። ስትከፍቱት ከሁለቱም በኩል ትራስ ይደገፍ እንጂ ጀርባው እስኪሰበር ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አትክፈቱ።

ቀጥሎ ፎቶ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያንዳንዱ ገጽ፣ ባዶውም ጭምር፣ በመስኮት አጠገብ በጥላ ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ። ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጡ። ይሄ ሁለት ጥቅም አለው። ከልደቶቹ አንዱ ቢጠፋ እንኳ ጽሑፉ ይቀራል። ሁለተኛ፣ መጽሐፉ ሄዶ ሲመለስ ምን እንደተነካ ታውቃላችሁ። ፎቶ ሳይነሳ ከቤት የሚወጣ መጽሐፍ ዋስ የለውም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። መጽሐፉን ሳያይ በስልክ ዋጋ የሚነግርሽን ሰው ተይው። ባለሙያ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ያያል። ገጽ በገጽ ይገልጣል፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያነሳል። ሐረር ውስጥ ካሉት የእጅ ጽሑፎች ብዙዎቹ የተጻፉት በባሕር ንግድ በገባ የአውሮፓ ወረቀት ላይ ነው። ወደ ብርሃን ስታነሺው ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ ሦስት የጨረቃ ምልክት ወረቀቱ ውስጥ ከታየሽ፣ ያ የጣሊያን ነጋዴዎች ለምሥራቁ ገበያ ያሠሩት የነበረ ወረቀት ነው። ባለሙያው ይሄንን ይፈልጋል፣ ዕድሜውን ለመገመት ይረዳዋልና።

ቀለሙንም ይጠይቃል። ከጥላሸትና ከሙጫ የተሠራ ቀለም ጥቁርነቱ አይለቅም፣ ግን ውኃ ሲነካው ሊነሳ ይችላል። ብረት ያለበት ቀለም ደግሞ ከጊዜ ብዛት ቡናማ ይሆንና ወረቀቱን ራሱን ይበላል፤ በገጹ ጀርባ በኩል የፊደሉ ቅርጽ ቃጠሎ መስሎ ይታያል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ጥገና አይሠራላቸውም። አንድ ሰው ቀለሙን ሳይፈትሽ «አጥብልሻለሁ፣ ነጭ አደርግልሻለሁ» ካለ መጽሐፍሽን ይዘሽ ውጪ።

«በምን ትለጥፈዋለህ?» ብለሽ ጠይቂው። ኮላ ካለሽ፣ ሱፐር ግሉ ካለሽ፣ ግልጽ ፕላስተር ካለሽ መልሱን አግኝተሻል። ትክክለኛው ከስንዴ ስታርች በስሎ፣ ተጣርቶ፣ ቀጥኖ የሚዘጋጅ ሙጫ ነው። መጠገኛውም ስስ፣ ክሩ ረጅም የሆነ የጃፓን ወረቀት ነው። በመቀስ አይቆረጥም፣ በእጅ ይቀደዳል፤ ጠርዙ ላይ የሚወጣው ጸጉር የመሰለ ክር ነው ከአሮጌው ወረቀት ጋር ያለ ጉብታ የሚያያዘው። ከዚህ ሁሉ የሚፈለገው የዛሬ 50 ዓመት የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢመጣ በትንሽ እርጥበት አስለቅቆ ማንሳት እንዲችል ነው። በኮላ የተለጠፈውን ግን ማንም አያነሳውም።

የምታምኚው ሰው የማይሠራውንም ይነግርሻል። «ይሄን እድፍ አልነካውም፣ ይሄ ቀዳዳ እንዳለ ይቅር፣ አሮጌው ቆዳ ይመለሳል እንጂ አይቀየርም» ይልሻል። ሁሉንም አዲስ አደርጋለሁ የሚል ሰው መጽሐፉን አላየውም።

ከአስመዲን በሪ

አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ። ወረቀቱን ወደ መስኮት አንስቼ አየሁት፤ ሦስቱ ጨረቃዎች አሉ! እናቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ጽሑፉ ጥቁር ነው፣ የሱራዎቹ ርዕስ በቀይ ነው። ቡናማ የሆነው ከፕላስተሩ ሥር ያለው ብቻ ነው። ግን እንዲህ ዓይነት ሰው ሐረር ውስጥ የት ይገኛል? በር ላይ ለጥፎ የሚሠራ አላየሁም።

ብራና ጠጋኝ

በር ላይ አይለጥፉም፣ እውነትሽን ነው። የሚገኙት ስብስብ ባለበት ቦታ ነው። እዛው ጁገል ውስጥ፣ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ታውቂዋለሽ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የመሠረቱት የግል ሙዚየም ነው፤ የሐረርን የእጅ ጽሑፎች ከመሰብሰብ አልፈው ጥገናውንና የጥንቱን የድጉሰት (መጽሐፍን በቆዳ የመሸፈንና የማስጌጥ) ሙያ ይዘው የቆዩ ናቸው። መጀመሪያ እዛ ሂጂ። «ትሠሩልኛላችሁ ወይ» ብቻ አትበይ፤ «የራሳችሁ ቢሆን ለማን ትሰጡት ነበር?» ብለሽም ጠይቂ። ያ ጥያቄ ነው ስም የሚያወጣው።

አዲስ አበባ ደግሞ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት)፣ የዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም (ስድስት ኪሎ)፣ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አሉ። የግለሰብ መጽሐፍ ባይቀበሉ እንኳ፣ ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች ማን በምን ላይ እጁ ጥሩ እንደሆነ ይተዋወቃሉ። ከሁለት የተለያየ ቦታ አንድ ስም ከሰማሽ እሱን ያዢ።

ስሙን ካገኘሽ በኋላ የሠራላቸውን ሰዎች ራስሽ ሄደሽ አግኚ። እሱ የሚያሳይሽን ፎቶ ብቻ አትይ። ከጥቂት ዓመት በፊት የጠገነውን መጽሐፍ ክፈቺው፤ የተለጠፈው ተነስቷል ወይ? ወረቀቱ ተጨማድዷል ወይ? ባለቤቱ «የወደቀውን ቁራጭ ሁሉ መልሶልኛል» ካለሽ ብዙ ተናግሯል።

አናጺው

ልጄ፣ ስለ ሳጥኑ እኔ ልናገር። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ በእንጨት ሥራ ነው ያደግሁት፤ የፉርጎ ወንበርና በር ስንጠግን ከኖሩት ሽማግሌዎች ተምሬ።

አጎትሽ ሳጥኑን ከሐረር ወደ ድሬ ሲያወርደው ክዳኑ ተሰንጥቋል ወይ? ሳላየው የምጠይቅሽ ስለማውቀው ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ናት፣ ድሬ ወደ 1,200። በመሐላቸው ያለው 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። እንጨት ከቀዝቃዛው ወደ ደረቁ ሙቀት ሲወርድ ውስጡ ያለውን እርጥበት ይሰጥና ይኮማተራል፤ በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ። ክዳኑ በሚስማር ተይዞ መንቀሳቀሻ ካጣ ይሰነጠቃል። ብዙ አናጺ ይሄን ስንጥቅ ሲያይ በኮላና በእንጨት ዱቄት ሞልቶ ይለሰልሰዋል። ክረምት ሲመጣ እንጨቱ መልሶ ያብጣል፣ መሄጃ ስለሌለው አጠገቡ ሌላ ስንጥቅ ይከፍታል። ስንጥቁ ካልሰፋ ተዉት። ከግድግዳው አርቁት፣ ከፀሐይና ከቬንቲሌተር ንፋስ አርቁት።

ሸካራ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው አያስነካችሁ። የዘመናት እጅ ያወዛውን የእንጨት ገጽ በግማሽ ሰዓት ይልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ በምንም ቫርኒሽ አይመለስም። ነሐሱንም በብራሶ (በብረት ማጽጃ ፈሳሽ) አትፈትጉት። ፈሳሹ በሚስማሩ ዙሪያ እንጨት ውስጥ ገብቶ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ነሐሱም በየጊዜው ይሳሳል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል። የተነቀለ ሚስማር ካለ በላስቲክ ከረጢት አስቀምጡ፤ ሌላ አትግዙ። መገጣጠሚያው ከላላ ደግሞ የሚሠራው ሰው ከእንስሳ ቆዳ የሚፈላ ሙጫ የሚጠቀም ይሁን። እሱ በሙቅ እርጥበት ይለቃል፤ የድሮ አናጺዎችም በሱው ነበር የሚሠሩት።

የከዚራ ልጅ

አቦ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን! እኛ ቤትም እንዲህ የተሰነጠቀ ቁምሳጥን አለ። ምክንያቱን ዛሬ ነው ያወቅሁት።

ሩቅ ያለ ሐረሪ

ሰላም ለሀገሬ ልጆች። የአክስትሽ ልጅ ያለው ነገር ከፍቅር ነው፣ እረዳዋለሁ። እዚህ በውጭ አገር ባለሙያ መፈለግ ቀላል ነው። በካናዳ የሙያ ጥበቃ ባለሙያዎች ማኅበር አለ፣ በእንግሊዝ አይኮን የሚባለው ተቋም ተፈትነው ያለፉ ሰዎችን መዝገብ ይይዛል፣ የአሜሪካውም ተቋም ባለሙያ መፈለጊያ አለው። የወረቀት ባለሙያ ለብቻ፣ የዘይት ቀለም ለብቻ፣ የእንጨት ለብቻ ነው የሚፈለገው። አንድ ሰው ሦስቱንም እሠራለሁ ካለ እዚህም ያጠራጥራል። እንደዛ ዓይነት መዝገብ ለኛም ቢኖረን ብዬ ሁልጊዜ እመኛለሁ።

ግን አትላኩት። መጀመሪያ ሕጉ አለ። ሁለተኛ፣ የተላከ ነገር በመንገድ ከጠፋ ማንም አይተካውም፤ የኢንሹራንስ ገንዘብ የአያትሽን ስም የያዘ ወረቀት አይመልስም። ሦስተኛ፣ እዚህ ያለው ባለሙያ እጁ ጥሩ ቢሆንም የሐረርን ድጉሰት ላያውቅ ይችላል። ጀርባውን በራሱ አገር ልማድ ሠርቶ ይመልስልሻል።

የማህደር ሰው

ስለ ሕጉ ግልጽ ላድርግ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዲቆይ ይፈቅዳል። ባለቤቱ ግን የማስመዝገብና የመንከባከብ ግዴታ አለበት። በቅርስ ላይ የጥገና ሥራ ሲሠራ አስቀድሞ የባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። ኢትዮጵያም ካናዳም የ1970ውን (እ.ኤ.አ.) የዩኔስኮ ስምምነት የተቀበሉ አገሮች ስለሆኑ፣ ያለ ወረቀት የወጣ ነገር እዛም ቢደርስ የአክስትሽን ልጅ ችግር ውስጥ ይከተዋል።

ብዙ ሰው «ካስመዘገብኩ መንግሥት ይወስድብኛል» ብሎ ይፈራል፤ በተለይ ሐረር ውስጥ ይሄን ወሬ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ማስመዝገብ ባለቤትነትን አያሳጣም። እንዲያውም የተሰረቀ ዕቃ ተይዞ ሲገኝ የኔ ነው የምትዪበት ዋናው ማስረጃ የተመዘገበበት ቅጽና ፎቶው ነው። ሳይመዘገብ ተሰርቆ ለቱሪስት የተሸጠ ስንት ኪታብ አለ! የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄደሽ «የእጅ ጽሑፍ አለን፣ ማስመዝገብና ማስጠገን እንፈልጋለን» በዪ። ደብዳቤው በኋላ ይጠቅምሻል።

ከጠጋኙ ጋርም በቃል ብቻ አትስማሚ። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ የመጽሐፉ መጠን፣ የወረቀቱ ብዛት፣ አሁን ያለበት ሁኔታ፣ ምን እንደሚሠራና በምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይነካ፣ የት እንደሚያድር፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ፣ ክፍያው በየምዕራፉ። ለጠቅላላው በቅድሚያ አትክፈሉ። ይሄን ለመፈረም የሚያንገራግር ሰው፣ መጽሐፉ አንድ ነገር ቢሆን ምን ሊልሽ ነው?

ቂራአት

አሰላሙ አለይኩም። ጎረቤታችሁ የተናገሩት መሠረት አለው፣ ግን ለዚህ አይደለም። ሊነበብ የማይችል፣ የተበጣጠሰ የሙስሐፍ ወረቀት እንዳይረገጥና እንዳይዋረድ በንጹሕ ቦታ ይቀበራል፤ ማቃጠልም ከኸሊፋ ዑስማን ዘመን የመጣ መረጃ አለው። የእናንተ ግን ይነበባል። ሊጠገን የሚችለውን መጠገንም ክብሩን መጠበቅ ነው። ደግ ሰው ናቸውና ጎረቤታችሁን አታስቀይሙ፤ ዓሊም (የሃይማኖት አዋቂ) ጠይቃችሁ መልሱን ይዛችሁ ሂዱላቸው።

ለጠጋኙም ከመጀመሪያው ንገሩት፦ መሬት ላይ እንዳይቀመጥ፣ ሌላ ነገር ላዩ ላይ እንዳይደረብበት፣ በውዱእ (ለሶላት እንደሚደረገው ታጥቦ) እንዲያዝ። ሙስሊም ካልሆነም ንጽሕናውንና አያያዙን በግልጽ ተነጋገሩ። ሙያውን የሚያከብር ሰው ይሄን ሲሰማ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋም። የወረቀቱ ትርፍራፊም ቢሆን ለእናንተ ይመለስ፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንዳይገባ።

ሳቢያን

ሥዕሉን ሁሉም ዘለለው፤ እኔ ልመልስ። ቀለሙ እየረገፈ ከሆነ አጎትሽ ዛሬውኑ ከግድግዳ ያውርደውና ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ አልጋ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ያስተኛው። የረገፈውን ቅርፊት በመጥረጊያ አትጥረጉት፤ በስስ ወረቀት አንስታችሁ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡት። በሽንኩርት፣ በድንች፣ በዳቦ፣ በእርጥብ ጨርቅ የሚያጸዳ ሰው አለ፤ አታስነኩት። ውኃው በስንጥቁ ገብቶ ሸራውን ያኮማትረዋል፣ ቀለሙ ይበልጥ ይነሳል።

እዚህ ላይ ልቤን የሚያቃጥለኝን ልናገር። እኛ ሰፈር ባለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእመቤታችን የቆየ ሥዕል ነበር፣ በሸራ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ። የጧፍና የዕጣን ጢስ አጥቁሮት ነበር። ምእመናን ገንዘብ አዋጥተው ሠዓሊ አመጡ። ጎበዝ ሠዓሊ ነው፣ አዲስ ሲሥል እጁ ይጣፍጣል። ጢሱን ከማንሳት ይልቅ ከላይ በዘይት ቀለም ደገመው። ዓይኗ ተለወጠ፣ የልብሷ እጥፋት ተለወጠ። በልጅነቴ ቀና ብዬ የማያት ፊት የለም። ጢሱ ሊነሳ ይችል ነበር፤ አሁን ከሥር ያለውን ለማግኘት የላዩን በጠብታ በጠብታ ማንሳት ያስፈልጋል።

ስለዚህ «ሠዓሊ አውቃለሁ» የሚል ሲመጣ፣ ጎበዝ ሠዓሊ መሆኑ ጠጋኝ አያደርገውም በሉ። ጠጋኝ መጀመሪያ የሚነሳውን ቀለም ያጣብቃል፣ ቀጥሎ በማይታይ ጥግ ላይ የጥፍር ያህል ቦታ ይፈትሻል፣ አዲስ ቀለም የሚያስገባው ቀለም በሌለበት ቀዳዳ ላይ ብቻ ነው። የድሮው ቀለም ላይ አይወጣም። አንድ ቀላል ነገር ደግሞ አለ፦ የብር ኖት መፈተሻ ሐምራዊ መብራት በጨለማ ክፍል ውስጥ ሥዕሉ ላይ ብታበሩ የድሮው ቫርኒሽ አረንጓዴ እያለ ይታያል፤ በኋላ የተደገመበት ቦታ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይለያል። ከመስጠታችሁ በፊት እንደዛ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት፣ ሲመለስም ድገሙት።

ደቻቱ ማዶ

ስለ አሮጌ ፎቶዎች ያነሳ የለም እንጂ ከመጽሐፉ ጋር የቆየ ፎቶ ሳይኖራችሁ አይቀርም። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ቤታችን ሲገባ የሠርግ ፎቶዎች ከመስታወታቸው ጋር ተጣበቁ። ባለቤቴ ሊያላቅቃቸው ሲል አንድ የፎቶ ቤት ሽማግሌ ከለከሉት፤ ከነመስታወቱ አድርቀው በመስታወቱ ላይ መልሰው ፎቶ አነሱልን። አሁንም ከነመስታወቱ አለ፣ ምስሉ ሙሉ ነው። አላቆት ቢሆን ፊታችን መስታወቱ ላይ ይቀር ነበር። ወረቀትም መጽሐፍም ሲረጥብ ዋናው ሰዓቱ ነው፦ ከሁለት ቀን ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል። ቶሎ ማድረቅ ካልተቻለ በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ጊዜ ይገዛል።

የከዚራ ልጅ

ስለ ፍሪዘር ካነሳሽ አይቀር እትዬ፣ ብሉስ በፍሪዘር ይሞታል ይላሉ፣ እውነት ነው?

ብራና ጠጋኝ

እውነት ነው፣ በሥርዓቱ ከተደረገ። ደረቅ መጽሐፍ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አየሩ ወጥቶ፣ በደንብ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ለሁለት ሳምንት ይቆያል። ሲወጣ ላስቲኩ ሳይከፈት ሙሉ ቀን ይቀመጣል፣ አለዚያ የአየሩ እርጥበት መጽሐፉ ላይ ጤዛ ይሠራል። ችግሩ መብራት ነው። በመሐል ጠፍቶ ሲመለስ ብሉ ቅዝቃዜውን ይለምደዋል። ጀነሬተር ከሌላችሁ አትሞክሩት። የዘይት ቀለም ሥዕሉና ሳጥኑ ደግሞ ፈጽሞ እንዳይገቡ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ብሉ አሁንም በሕይወት እንዳለ እዪ። መጽሐፉን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ በሳምንቱ ተመልከቺ። አዲስ ዱቄት ካልወደቀ ቀዳዳዎቹ የድሮ ናቸው፤ ምንም ማድረግ አያስፈልግም።

ከአስመዲን በሪ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። የደረስንበትን ልንገራችሁ።

ወረቀቱ ላይ ዱቄት አልወደቀም፣ አልሐምዱሊላህ። ሁሉንም ገጽ ፎቶ አነሳን። የእህቴ ልጆች ልደቶቹን እያነበቡ ደብተር ላይ ገለበጡ፤ እናቴ ስሟን ስታገኝ ደጋግማ አስነበበቻቸው። ከጎረቤታችን ጋር ወደ ዓሊሙ አብረን ሄድን። «ይጠገን» አሏቸው፣ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። አጎቴም ሥዕሉን አውርዶ አስተኝቶታል።

ከሁለት ቦታ አንድ ስም ሰማን። ሰውየው መጽሐፉን ሲያይ ከዙህር (ከቀትር ሶላት) እስከ ዓስር (እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት) ተቀመጠ። ዋጋ አልተናገረም። የትኛው ኅዳግ ላይ የቤተሰብ ጽሑፍ እንዳለ ጠየቀ፣ ወረቀቶቹን ቆጠረ፣ የወደቀውን ክር ሳይቀር ጻፈ። ምላሱንና ስፌቱን መልሶ አያይዛለሁ፣ የተቀደዱትን በጃፓን ወረቀት እይዛለሁ አለ። የብል ቀዳዳዎቹን አልሞላም፤ ፕላስተሩን ደግሞ ጽሑፍ በሌለበት ቦታ ካለው አንድ ቁራጭ ጀምሬ እሞክራለሁ፣ ቀለሙ ከተነሳ አቆማለሁ፣ የቀረውም እንዳለ ይቀራል አለን። አጎቴ «እንዴ፣ ፕላስተሩን ካላነሳው ምን ሠራ?» ብሎ ነበር። የከዚራ ልጅ የጻፍከውን አነበብኩለት፤ ዝም አለ።

አሁን አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ለፕላስተሩ የሚያስፈልገው ነገር ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ እዛ እንዲሠራ ይፈልጋል። እንዴት ነው የምናደርሰው?

ብራና ጠጋኝ

የነገርሽኝ ሰው ጥሩ ሰው ነው።

መጽሐፉን በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት። ልኩ በሆነ ጠንካራ የካርቶን ሳጥን ውስጥ አስተኝታችሁ ዙሪያውን እንዳይንቀሳቀስ በጨርቅ ሙሉት። የወጡት ወረቀቶች ለብቻ በጠፍጣፋ ካርቶን መሐል ይሁኑ። በአውቶቡስ ከሆነ ጣሪያ ላይ አይወጣም፣ ከሞተሩ አጠገብም አይቀመጥ፤ ጭናችሁ ላይ ነው። በአውሮፕላን ከድሬ ከሆነ ከእጃችሁ አይለይ፣ ከጭነት ጋር አይላክ።

የማህደር ሰው

የቢሮውን ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ለጥገና ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄድና እንደሚመለስ፣ የማን እንደሆነ፣ የወረቀቱ ብዛት ይጻፍበት፤ ማህተም ያለበት አንድ ቅጂ ሳጥኑ ውስጥ፣ አንዱ በእጃችሁ ይሁን። ኬላ ላይ ወይም ኤርፖርት ላይ የቆየ የእጅ ጽሑፍ ይዞ የተገኘ ሰው ይጠየቃል፣ መጠየቁም ትክክል ነው። ደብዳቤ ከሌለ ግን ጉዳዩ እስኪጣራ መጽሐፉ እዛው ነው የሚያድረው።

ከአስመዲን በሪ

ሰኞ ጠዋት ቢሮው እሄዳለሁ። ስምምነቱን ከፈረምን በኋላ የሰውየውን ስም ሰውሬ ወረቀቱን እዚህ እለጥፈዋለሁ፤ ሌላ ቤት ያለ ሰው እንደ መነሻ ሊጠቀምበት ይችላል።